ቤት የተማረ ልጅ ኮሌጅ ሲያመለክት፦ ካውንስለሩም እናንተ፣ ሬጅስትራሩም እናንተ

የመጀመሪያ ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለች አንድ ኮሌጅ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች። «የትምህርት ቤቷን ካውንስለር ልታገናኚኝ ትችያለሽ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እሺ፣ ትራንስክሪፕቱን የሚልክልን ሬጅስትራርስ?» «እሱም እኔው ነኝ።» ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። ልጄን ስንት ዓመት አስተምሬ ለኮሌጅ የሚቀርብ አንድ ወረቀት እንኳ አላዘጋጀሁም ነበር።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ልጆቻችሁን ሆምስኩል ለምታደርጉ ወላጆች ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮሌጆች ቤት የተማረ ልጅ ይቀበላሉ። ትልልቆቹም ይቀበላሉ። ፋይሉን የሚያነበው ሰው ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል፦ «ከእናቱ ሌላ ይህን ማን መሰከረ?» ከዚህ በታች የምትሠሩት ሥራ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ለዚህች ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ነው።

የስቴታችሁን ወረቀት አስተካክሉ

ልጅን ቤት ማስተማር በ50ውም ስቴቶች ሕጋዊ ነው። ደንቡ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቴክሳስ ውስጥ ልጁ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጣ ካልሆነ በቀር ለማንም ማሳወቅ የለባችሁም። ኒውዮርክ የዓመቱን የትምህርት ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትጠይቃለች። ፔንስልቬኒያ የልጁ ሥራዎች የተሰበሰቡበትን ፖርትፎሊዮ በየዓመቱ ገምጋሚ እንዲያየው ታዛለች። ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያ ትልካላችሁ፤ በዓመቱ ማብቂያም እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ታስገባላችሁ።

ይህ ከኮሌጅ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ሲሰጥ የሚታየው ልጁ የስቴቱን ሕግ ተከትሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ቤት መጨረሱ ነው። ጂኢዲ (ሁለተኛ ደረጃን በመደበኛው መንገድ ያልጨረሰ ሰው የሚወስደው የአቻ ፈተና) መፈተን ግዴታ አይደለም። አንዳንድ የኮሌጅ ሠራተኛ አሁንም ይህን አያውቅም፤ «ጂኢዲ ያምጣ» ይላችኋል። አትከራከሩ። የሆምስኩል ተማሪዎችን ፋይል የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁና እሱን አነጋግሩ።

ከትምህርት ዲስትሪክቱ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ስካን ይደረግ። «ደርሶናል» የምትል ባለ አንድ መስመር ኢሜይልም ብትሆን አትጣሉ።

ትራንስክሪፕት

ልጁ የወሰዳቸው ኮርሶችና ያመጣው ውጤት የሚዘረዘሩበት ወረቀት ነው፤ ትልቁ ሥራም ይህ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ዘጠነኛ ክፍልን «ገና ነው» ብለን የምናሳልፍ ብዙዎች ነን፤ እኔ ራሴ የዘጠነኛውን ዓመት የሠራሁት ከአሮጌ ደብተርና ከላይብረሪ ደረሰኝ እየለቀምኩ ነው። እናንተ በየሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ምሽት ስጡትና ይለቅ።

አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ የልጁ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የቤት ትምህርት ቤታችሁ ስም ካለው እሱ፣ ከዚያ የሚመረቅበት ቀን። ከታች በአራት ዓመት ተከፍሎ የኮርሱ ስም፣ ክሬዲቱና ውጤቱ። በመጨረሻ ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ)፣ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ፣ ፊርማችሁና ቀን። አንዳንድ ኮሌጅ ፊርማው ኖታራይዝድ እንዲሆን ይፈልጋል። ባንካችሁን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለደንበኛ በነጻ ያደርጉታል።

ክሬዲት የሚቆጠረው እንዲህ ነው። በተለምዶ 120 ሰዓት ያህል የተሠራበት ትምህርት አንድ ክሬዲት ነው፤ የካርኒጊ ዩኒት የሚባለው ይህ ነው። ግማሽ ዓመት የፈጀ ኮርስ ግማሽ ክሬዲት ይሆናል። በእጅ ሰዓት እየለኩ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ የአልጀብራ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ከተሠራ አንድ ክሬዲት ነው፤ ልጁ በአምስት ወር ጨረሰው ተብሎ አይቀነስበትም።

ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቅበት አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሒሳብ፣ ሦስት ዓመት ሳይንስ ላብራቶሪ ያለበት፣ ሦስት ዓመት ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ነው። ላብራቶሪው ላይ ብዙ ሰው ይደናቀፋል። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሙከራም ይቆጠራል፤ ነገር ግን የተጻፈ ሪፖርት ይኑረው።

የውጭ ቋንቋው ላይ እኛ አቋራጭ አለን፦ አማርኛ። ልጁ ቤት ስለሚናገረው ብቻ ግን ኮርስ አይሆንም። ፊደሉን ተምሮ፣ አንብቦ፣ ጽፎ ከሆነ «አማርኛ 1»፣ «አማርኛ 2» ብላችሁ በኩራት አስገቡት። ከቤት ውጭ የሆነ ማስረጃም ይገኝለታል። አቫንት የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው ስታምፕ የተባለ የቋንቋ ፈተና በአማርኛም አለ፤ መጻፍና መናገርን ይለካል። ልጄ ተፈተነችው። አያቷ ውጤቱን ሲሰሙ «ለመናገርም ፈተና አለ እንዴ!» ብለው ተገረሙ። ከማመልከታችሁ በፊት ግን ኮሌጁ የልጁን የቤት ቋንቋ እንደ ውጭ ቋንቋ ይቆጥር እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

አሁን ወደ ውጤቱ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ፋይል አንባቢውም ተረቱን ባይሰማው ነገሩን ያውቀዋል። ከላይ እስከ ታች ኤ የተደረደረበት የእናት ትራንስክሪፕት አይቶ አያውቅም ብላችሁ አታስቡ። ልጁ በእውነት ኤ ካመጣ ኤ ስጡት። ኬሚስትሪው ቢ ከነበረ ግን ቢ ይሁን። ያቺ አንዲት ቢ የቀሩትን ኤዎች ታሳምናለች። ልጄ ለኬሚስትሪዋ ቢ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ፤ በኋላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ያንኑ ትምህርት ስትወስድ ያመጣችው ቢ ፕላስ ሆነ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲታዩ እኔን ታማኝ አስመሰሉኝ።

ጂፒኤ ለማውጣት ኤን 4፣ ቢን 3፣ ሲን 2 አድርጋችሁ በክሬዲቱ ታባዛላችሁ፤ ደምራችሁ ለጠቅላላው ክሬዲት ታካፍላላችሁ። ለከበዱ ኮርሶች ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጥ ስሌት ከተጠቀማችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኤፒ (ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) የሚለውን ስም ዝም ብላችሁ ኮርስ ላይ አትለጥፉ። የኤፒ ባለቤት የሆነው ኮሌጅ ቦርድ የኮርሱን የትምህርት ዕቅድ (ሲላበስ) አይቶ ሲያጸድቅ ብቻ ነው ስሙ የሚፈቀደው። ካልጸደቀ «አድቫንስድ ባዮሎጂ» በሉትና ልጁ ፈተናውን ይውሰድ። ውጤቱ ራሱ ይናገራል።

ከትራንስክሪፕቱ ጋር የሚሄዱት ሁለት ወረቀቶች

አንደኛው የኮርስ መግለጫ ነው። ለእያንዳንዱ ኮርስ ከአራት እስከ ስድስት መስመር፦ ምን ተማረ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ ማን አስተማረ፣ ውጤቱ በምን ተሰጠ። «ወላጅ»፣ «ኦንላይን»፣ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ»፣ «ኮ-ኦፕ» (ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ተሰባስበው የሚያስተምሩበት) ብላችሁ ለዩት። ሁሉም ኮሌጅ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ሲመጣ ግን በሁለት ቀን የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ስኩል ፕሮፋይል ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት ስለራሱ የሚልከውን አንድ ገጽ እናንተም ትጽፋላችሁ። ለምን ቤት ማስተማር እንደመረጣችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ውጤት እንዴት እንደምትሰጡ፣ ልጁ ከቤት ውጭ የት የት እንደተማረ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱን መውቀስ እዚህ ቦታ የለውም። ያንን ወቀሳ የሚያነብ ሰው እዚያው ተምሮ ሊሆን ይችላል።

ከቤት ውጭ ምስክር መሰብሰብ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ የልጁ ፋይል የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የኮሌጅ ኮርስ ነው። ዱዋል ኢንሮልመንት ይሉታል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ይማራል፤ ውጤቱ ለሁለቱም ይቆጠርለታል። ልጁን የማያውቀው ፕሮፌሰር ከማያውቃቸው ተማሪዎች ጋር አወዳድሮ የሰጠው ኤ አሥር የእናት ኤ ያህል ይመዝናል። ገንዘቡም ብዙ ቦታ ቀላል ነው። ሚኒሶታ ፒኤስኢኦ፣ ዋሽንግተን ስቴት ራኒንግ ስታርት፣ ኦሃዮ ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ የሚሏቸው ፕሮግራሞች የቤት ተማሪንም ያስተናግዳሉ። ጆርጂያም ዱዋል ኢንሮልመንቷን ለቤት ተማሪ ክፍት አድርጋለች። ፍሎሪዳ የቤት ተማሪዎችን ከክፍያው ነጻ ታደርጋለች። እንግዲህ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል፣ ኮለምበስና አትላንታ ያላችሁ ሐበሾች ይህን በር ሳታንኳኩ እንዳታልፉ። የምዝገባ ቀኑ ብዙ ቦታ ከምታስቡት ቀደም ይላል፤ ለበልጉ (ስፕሪንግ) ሴሚስተር በመከር (ፎል)፣ ለመከሩ በበልግ መጠየቅ ነው።

ሁለት አደጋ አለው። አንደኛ፣ ያ ውጤት የዕድሜ ልክ ነው። አስራ አምስት ዓመቱ ላይ ያመጣት ኤፍ ወደፊት በሚያመለክትበት ኮሌጅ ሁሉ አብራው ትሄዳለች፤ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውም ያያታል። ስለዚህ በአንድ ቀላል ኮርስ ይጀምር። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ብዙ ኮሌጆች ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ከመመረቁ በፊት የወሰደውን ክሬዲት ስንት ቢሆን እንደ ፍሬሽማን (አዲስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ይቀበሉታል። ከተመረቀ በኋላ ከወሰደ ግን ትራንስፈር (ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረ) ሊባል ይችላል። የፍሬሽማን ስኮላርሺፕ ያኔ ያመልጣል። የመመረቂያውን ቀን የምትወስኑት እናንተ ናችሁና አትቸኩሉ።

ቀጥሎ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ፣ ኤስኤቲና ኤሲቲ። «ኮሌጆች ፈተና ትተዋል» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በርክሊና ዩሲኤልኤ ያሉበት፣ ለመግቢያ ኤስኤቲን ጭራሽ አያይም። ኤምአይቲ ግን በ2022 ወደ ፈተና ተመልሷል፤ ሃርቫርድ፣ ዳርትመዝና ብራውንም በ2024 ተመልሰናል ብለዋል። በሌሎች ብዙ ኮሌጆች ውጤት ማስገባት በፍላጎት ነው። ለቤት ተማሪ የኔ ምክር አጭር ነው፦ ይፈተን። ለሌላው ልጅ ፍላጎት የሆነው ለእናንተ ልጅ ምስክር ነው።

ኤስኤቲ አሁን በኮምፒዩተር ነው፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚታረመው ከ1600 ነው። ለቤት ተማሪዎች የተመደበው የትምህርት ቤት ኮድ 970000 ነው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጠየቃል። የትምህርት ቤት መታወቂያ ስለሌለው አስቀድማችሁ የስቴት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አውጡለት። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን፣ የልጇን መታወቂያ ፍለጋ የሮጠች እናት አውቃለሁ። አርብ ዕለት የልጇን ፓስፖርት ፍሪጅ ላይ አገኘችው። (እኔ ነኝ።)

የኤስኤቲ መለማመጃ የሆነው ፒኤስኤቲ ለየት ይላል። ልጁ ብቻውን ኦንላይን አይመዘገብም፤ አቅራቢያችሁ ያለ ትምህርት ቤት አብሮ እንዲያስፈትነው መጠየቅ አለባችሁ። ፈተናው ኦክቶበር ላይ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ሲወሰድ ናሽናል ሜሪት ለሚባለው የስኮላርሺፕ ውድድር ስለሚቆጠር ቀደም ብላችሁ በሰመሩ ደውሉ።

የኤፒ ፈተናም እንዲሁ ነው፤ ሜይ ላይ ይሰጣል፤ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ግን የምትፈልጉት ከዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ ትእዛዙ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር ላይ ይዘጋልና። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እምቢ ይላችኋል። ሁለተኛውም ምናልባት። እኔ አራተኛው ላይ ነው እሺ የተባልኩት፤ ኤፒ ኮኦርዲኔተሯ አንዲት ደግ ሴት ነበረች። ሬሴፕሽኒስቱን ሳይሆን «ኤፒ ኮኦርዲኔተሩን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ግማሹ እምቢታ የሚመጣው ከማያውቅ ሰው ነው።

ክሌፕ የሚባል ሌላ ፈተናም አለ። ልጁ አልፎ የኮሌጅ ክሬዲት ያገኝበታል። ሞደርን ስቴትስ የተባለ ድርጅት ኮርሱን ኦንላይን በነጻ ሰጥቶ የፈተናውንም ክፍያ ይሸፍናል። ክሬዲቱን የማይቀበሉ ኮሌጆች ስላሉ አስቀድሞ ማጣራት ነው።

ልጃችሁ ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ከሆነና በዲቪዥን 1 ወይም 2 መወዳደር ካሰበ ደግሞ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ የራሱ ፎርም አለው። 16 መሠረታዊ ኮርሶች ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱም እናንተ ያስተማራችሁትን ኮርስ የሚያብራራ ቅጽ ትሞላላችሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

የድጋፍ ደብዳቤ

ብዙ ኮሌጆች ሁለት የመምህር ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ወላጅ አይጽፍም። አክስትም አይጽፍም። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህር፣ የኦንላይን ክፍል አስተማሪ፣ የኮ-ኦፕ መምህር ይጽፋል። ከዚያ በተጨማሪ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ አሠልጣኝ ወይም አሠሪ ሊጽፍለት ይችላል።

እዚህ ላይ የኛ አገር ጠባይ አንድ ወጥመድ አለው። ልጆቻችን የቤተሰብ ወዳጅን ሁሉ «አጎቴ» ይላሉ። ልጁ ኤሴዩ (ለማመልከቻው የሚጽፈው ድርሰት) ላይ «አጎቴ ሒሳብ አስተማረኝ» ብሎ ጽፎ ያው ሰውዬ ደብዳቤ ከጻፈለት አንባቢው ዘመድ ነው ብሎ ይደመድማል። በእንግሊዝኛው «የቤተሰብ ወዳጅ» ይባል።

ደብዳቤ የሚጠየቀው አስራ አንደኛ ክፍል ሲያልቅ ነው። ስትጠይቁ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። እናት የምትጠይቅለት ልጅ ኮሌጅም እናት የምትቀሰቅሰው ይመስላል።

ኮመን አፕን እንደ ካውንስለር መሙላት

ኮመን አፕ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ነው። የአዲሱ ዓመት ማመልከቻ ኦገስት 1 ይከፈታል። ልጁ የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ በራሱ ኢሜይል። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። እናንተ ካውንስለር ስለሆናችሁ የራሳችሁ አካውንት ያስፈልጋችኋል። በአንድ ኢሜይል ሁለት ሚና መያዝ ሲስተሙን ያምታታዋል።

ትምህርት ቤት ምረጥ ሲለው «ሆም ስኩል» የሚለውን ይመርጣል። ቢያንስ አንድ ኮሌጅ ከጨመረ በኋላ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ወደሚጋበዙበት ክፍል ይሄዳል። መጀመሪያ ፈርፓ የሚባለውን ይሞላል፤ ደብዳቤዎቹን የማየት መብቱን መተው አለመተውን የሚጠይቅ ነው። ይተወው ነው የሚባለው። ልጄ የእናቷን ደብዳቤ ላለማየት ስትፈርም ቤታችን ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ ሆኖም ፎርሙ ፎርም ነው። ከዚያ እናንተን «ካውንስለር» ብሎ ይጋብዛል። ኢሜይል ይደርሳችኋል፤ እሱን ከፍታችሁ ትገባላችሁ።

የናንተ ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤት ሪፖርት አለ። ትራንስክሪፕቱንና ፕሮፋይሉን ትጭናላችሁ። ስለ ቤት ትምህርቱ አሠራር ለሆምስኩል ብቻ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ይመጣሉ። «የተመራቂ ክፍሉ ብዛት» ሲል 1 ብላችሁ ጻፉ። ደረጃ ሲጠይቅ ግን «ደረጃ አንሰጥም» በሉ። ከአንድ ልጅ አንደኛ ወጣ ብሎ መጻፍ ቀልድ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

የካውንስለሩ ደብዳቤ ከባዱ ነው። «ልጄ ወርቅ ናት» የሚለው ስሜት ይመጣል፤ ይምጣ፣ ከዚያ ይሰረዝ። የምታውቁትን፣ ሌላ ሰው ሊያውቅ የማይችለውን ብቻ ጻፉ። ልጄ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ አልሆንላት ብሎ ሦስት ቀን ታግላ በአራተኛው ቀን መጽሐፉ ላይ የታተመ ስሕተት አገኘች። ደብዳቤዬ በዚያ ታሪክ ጀምሮ በዚያው አለቀ። አንድ ገጽ አልሞላም።

የእንቅስቃሴ ዝርዝሩ 10 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚፈቀደው 150 ሆሄ ነው። ክለብ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ኮመን አፕ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ዘርፍ አለው። ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ አያቱን ክሊኒክ ወስዶ የሚያስተረጉም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቱን ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ እዚህ ይጻፍ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት። የኛ ልጆች ይህን ሥራ ስለማይሉት አይጽፉትም። እናንተ አስታውሷቸው።

ኤሴዩ ከ650 ቃል አይበልጥም። ስለ ሆምስኩል መሆን የለበትም። ያንን ታሪክ እናንተ ፕሮፋይሉ ላይ ነግራችሁታል። ልጁ ስለሚወደው ነገር ይጻፍ። አርሙለት፤ አትጻፉለት። የአርባ አምስት ዓመት ሴት ቋንቋ በአስራ ሰባት ዓመት ልጅ አፍ ወዲያው ይታወቃል።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮመን አፕን አይጠቀምም፤ ኤ-ጂ የሚላቸውን 15 የዓመት ኮርሶችም ይጠይቃል፤ ቤት የተሰጠ ኮርስ ለዚያ ማስቆጠር ይከብዳል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ በትራንስፈር መግባት እዚያ የተለመደና የተከበረ መንገድ ነው። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ሲባል ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ ዘመዶች ካሏችሁ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የት እንደጨረሰ መሆኑን ንገሯቸው።

ገንዘቡ

ፋፍሳ የትምህርት እርዳታ ለመጠየቅ ሁሉም የሚሞላው የፌዴራል ፎርም ነው፤ መሙላቱ በነጻ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ «ልሙላላችሁ» የሚል ሰው ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። በመደበኛው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ልጁ የራሱ አካውንት ይከፍታል፣ ወላጅም የራሱን። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። የሚታየው የልጁ ሁኔታ ነው፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ወላጆቹ ወረቀት ስለሌላቸው አይከለከልም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንዴት ጨረሰ ሲል «ሆምስኩል» የሚለው ምርጫ አለ፤ እሱን ይምረጥ። ሌላውን ከመረጠ ቢሮው ማስረጃ ሲጠይቃችሁ ይከርማል። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር።

የግል ኮሌጆች ብዙዎቹ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጨምራሉ። ይህኛው ያስከፍላል፤ ሆኖም የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ ነጻ ነው። ለማመልከቻው ክፍያም ነጻ ፈቃድ አለ፤ ኮመን አፕ ውስጥ ይጠየቃል።

የስቴት ገንዘብ ላይ የሆምስኩል ሕግ ይለያያል። ጆርጂያ ሆፕ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ለቤት ተማሪ የምትሰጠው በፈተና ውጤት ነው፤ ያ ካልሆነ ልጁ 30 የኮሌጅ ክሬዲት በ3.0 ጂፒኤ ሲጨርስ ወደኋላ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። ይህን ሳያውቁ የመጀመሪያ ዓመቱን ከኪሳቸው ከፍለው የረሱት ወላጆች አሉ።

የኮሌጁን ዋጋ ከድረገጹ አይታችሁ አትደንግጡ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ድረገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር እንዲያኖር ግዴታ አለበት። ገቢያችሁን ስታስገቡ በግምት የምትከፍሉትን ይነግራችኋል። ዝርዝሩን ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ ለእያንዳንዱ ሥሩት።

ቀኖቹ

ቀደም ተብሎ የሚመለከትበት ሳይሆን የሚመዘገብበት፣ ኧርሊ የሚሉት ማመልከቻ፣ አብዛኛው ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ይዘጋል። ኧርሊ ዲሲዥን ከሆነ ከተቀበሉት መግባት ግዴታ ነውና የገንዘቡን ነገር ሳታሰሉ አትግቡበት። መደበኛው ጃንዩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። የተቀበሉት ልጅ የት እንደሚገባ መልስ የሚሰጥበት የተለመደው ቀን ሜይ 1 ነው።

ካመለከታችሁ በኋላም የካውንስለር ሥራችሁ አላለቀም። ብዙ ወላጅ የሚረሳው ይህን ነው። ጃንዩዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ የመጀመሪያ ሴሚስተሩን ውጤት ይዛችሁ የመንፈቅ ዓመት ሪፖርት ትልካላችሁ። ልጁ ሲጨርስ የመመረቂያ ቀን የተጻፈበትና የተፈረመበት የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ትልካላችሁ። ዱዋል ኢንሮልመንት ከነበረ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የራሱን ለብቻው መላክ አለበት፤ የናንተው ላይ መጻፉ አይበቃም። የክትባት ወረቀትም ይጠየቃል። በትምህርት ቤት ያላለፈ ልጅ መዝገቡ የሐኪሙ ቢሮ ብቻ ነው ያለው፤ ክትባቱ ኢትዮጵያ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ያንን ቢጫ ካርድ አሁን ፈልጉት። ካልተገኘ የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱም ሳምንታት ይፈጃል።

እኛ የላክነው የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ጁን 14 ነው የወጣው። ኮሌጁ በፖስታ ፈልጎ ስለነበር ፖስታውን አሸግኩና ማሸጊያው ላይ ፈረምኩ፤ የታሸገ ኦፊሻል እንዲሆን። ልጄ «ሬጅስትራር» ከሚለው ቃል በላይ ስሜን በእጇ ጻፈችልኝ።